ጭንቀት ከሥራ ጠረጴዛ ሲደርስ፦ ለጎንደር የሥራ ኃላፊዎች የሚሆን መመሪያ

ጎንደር ላይ አንድን ሠራተኛ «ደህና ነህ?» ብለው ቢጠይቁት መልሱ ታውቆ ያደረ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ»። ወር ሙሉ እንቅልፍ ያጣውም፣ በሰላም አድሮ የመጣውም ያንኑ ይላል። መልካም መልስ ነው፤ አለቃው ግን ከዚያ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ሠራተኛውን መርዳት የሚፈልግ ኃላፊ ከሰላምታ ያለፈ ጥያቄ መጠየቅ፣ የሰማውን በሆዱ መያዝ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ሰውን የሚያደክመውን አሠራር ማስተካከል መቻል አለበት።

ይህን የምንጽፈው ለሆቴልና ለባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ ለርእሰ መምህር፣ ለጤና ጣቢያ ኃላፊ፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ቡድን መሪ ነው። ማንም አለቃ ሐኪም እንዲሆን አንጠይቅም። ሐኪም ሊያዝዛቸው የማይችላቸው ነገሮች ግን በአለቃ እጅ አሉ፦ የሥራ ሰዓት፣ የሥራ ድርሻ፣ ፈቃድ፣ የግምገማ አካሄድ።

ሥራውን መመርመር

ብዙ መሥሪያ ቤት ስለ አእምሮ ጤና ሲያስብ ቀድሞ የሚያደርገው ባለሙያ ጋብዞ የግማሽ ቀን ገለጻ ማሰጠት ነው። ሻይ ቡና ይቀርባል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ሠራተኛው በማግሥቱ ወደዚያው አስጨናቂ ሥራ ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. በሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና ላይ ባወጣው መመሪያ አሠራሩን ራሱን ማስተካከልንና አለቆችን ማሠልጠንን አብሮ የሚመክረው ለዚህ ነው። የፋይናንስ ኃላፊዎ «ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ቢልዎ፣ ያው ድርጅት በድባቴና በጭንቀት ምክንያት ዓለም በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን እንደሚያጣ፣ ይህም በገንዘብ 1 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚሆን መገመቱን ይንገሩት።

አንድ ወረቀት ይውሰዱና የሚመሯቸውን ሰዎች ስም በግራ በኩል ይጻፉ። ለእያንዳንዱ ስም ስድስት ነገር ያስቡ፦ ሥራው ከአቅሙ በላይ ነው? በገዛ ሥራው ላይ የሚወስነው ነገር አለ? ሲቸገር የሚጠይቀው ሰው አለ? ከባልደረባ ወይም ከደንበኛ የሚደርስበት ስድብና ማዋረድ አለ? ድርሻው ተለይቶ ይታወቃል ወይስ ሁለት አለቃ ያዝዘዋል? በቅርቡ የመጣበት ለውጥ አለ፣ ምክንያቱስ ተነግሮታል? ለ10 ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም። መልሱን የማያውቁለት ሰው ካገኙ እሱ ራሱ ትልቅ መልስ ነው፤ ያ ሰው ከዓይንዎ ርቋል።

በሰዓት ይጀምሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። በየሳምንቱ ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት አለ። የጥምቀት ሰሞን የጎንደር ሆቴሎች ይህን ሁሉ ይረሱታል። ከከተራ በፊት ጀምሮ አልጋው ሙሉ ነው፤ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛው ሌሊት ሠርቶ ጠዋት ደግሞ «ትንሽ ቆይ» ይባላል። መፍትሔው ታኅሣሥ ላይ የሚሠራ ነው፦ የፈረቃውን ሰንጠረዥ ከበዓሉ 3 ሳምንት በፊት ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ሌሊት የሠራ ሰው በማግሥቱ ጠዋት እንዳይመደብ ማድረግ፣ ከጥር 13 በኋላ ማን በየትኛው ቀን እንደሚያርፍ ከአሁኑ ስም ጽፎ መወሰን። «ከበዓሉ በኋላ እናያለን» የተባለ ዕረፍት ሳይታይ ይቀራል።

አንዳንዱ ጭንቀት ደግሞ በአሠራር ውስጥ ተደብቆ ነው የሚኖረው። ገንዘብ ያዥን ይመልከቱ። ቀኑን ሙሉ ብር ይቆጥራል፤ ሒሳብ ሲዘጋ 2,000 ብር ይጎድላል። ጉድለቱ ከደመወዙ እንደሚቆረጥ ያውቃል። ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሄድ እሱ ብቻውን እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ደረሰኝ ያገላብጣል። ከወር በኋላ እያንዳንዱን እሽግ 3 ጊዜ መቁጠር ይጀምራል፤ ሰልፉ ይረዝማል፤ ደንበኛ ይቆጣል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ስሕተቱ ይብሳል። አለቃው «ትኩረት የለህም» ይለዋል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ምክር ሳይሆን የአሠራር ለውጥ ነው። አንደኛ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ከሁለተኛ ሰው ጋር ሆኖ ቆጠራ ይደረግ፤ ያኔ የሚፈለገው ስሕተት የግማሽ ቀን ብቻ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ማታ ጉድለት ከተገኘ ፍለጋው ከ30 ደቂቃ ሲያልፍ ተቆጣጣሪው አብሮ ይቀመጥ፤ ሰውየው ብቻውን አይቅር። ሦስተኛ፣ ጉድለት ሲደርስ ምን እንደሚደረግ በጽሑፍ ይታወቅ። ሰው የሚያውቀውን ቅጣት ይችለዋል፤ ሌሊት የሚያባንነው የማያውቀው ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ የጭንቀቱ ስም «መዋቅር» እና «ድልድል» ነው። አዲስ መዋቅር ሊመጣ ነው የሚለው ወሬ ለወራት ይናፈሳል፣ የማን መደብ እንደሚታጠፍ አይታወቅም፤ ትዳሩ እዚህ ሆኖ ሥራው ወረዳ ይደርስበት እንደሆነ የሚያሰላ ሰው ሥራው ላይ ልቡ አይሆንም። አለቃው ድልድሉን ማስቀረት ላይችል ይችላል። በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን፣ ለምሳሌ ሰኞ ጠዋት 15 ደቂቃ፣ የተወሰነውን፣ ገና ያልተወሰነውንና ቀጣዩ ዜና የሚመጣበትን ቀን መናገር ግን ይችላል። አዲስ ነገር ባይኖርም ስብሰባው አይቅር፤ ከቀረ ቦታውን ወሬ ይሞላዋል። የደመወዝ መዘግየትም እንዲሁ ነው። ከዘገየ ቀኑን በትክክል ይናገሩ፤ ቀኑን ካላወቁ መቼ እንደሚያውቁ ይናገሩ።

ግምገማ

ይህን ለብቻው የምናነሣው ብዙ ሰው የሚጎዳበት ስለሆነ ነው። ሥራን መገምገም ተገቢ ነው። ሰው በባልደረቦቹ ፊት ቆሞ የግል ጠባዩ፣ ትዳሩ፣ አካሄዱ የሚዘረዘርበት ግምገማ ግን ለዓመታት የማይሽር ቁስል ይተዋል። ክብሩን በሚጠብቅ ማኅበረሰብ ውስጥ በአደባባይ መዋረድ ከደመወዝ ቅጣት ይብሳል። እንዲህ የተዋረደ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ በስብሰባ አይናገርም፣ ሐሳብ አያመጣም፣ ስሕተቱንም ይደብቃል።

አካሄዱ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። ከባድ ነቀፌታ ካለ ግምገማው ከመድረሱ 3 ቀን በፊት ለብቻው ይንገሩት፤ ማንም ሰው ጥፋቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት መስማት የለበትም። በስብሰባው ላይ ቀን፣ ሥራና ውጤት ብቻ ይነሣ፦ «የመስከረም ሪፖርት በ9 ቀን ዘግይቷል» ይበሉ እንጂ «ሰነፍ ነህ» አይበሉ። ሌላው ሠራተኛ ተነሥቶ የግል ነገር ሲያነሣ ሰብሳቢው ወዲያው ያስቁም፤ ሰብሳቢ ዝም ካለ ፈቅዷል ማለት ነው። ስብሰባው ከሥራ መውጫ ሰዓት አይለፍ። በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሰውን በስም ጠርቶ መውቀስም ያው አደባባይ ነው፤ ቆይቶ ደግሞ ይነበባል። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ አስቸኳይ ያልሆነ መልእክት ወደ ግሩፕ አለመላክን እንደ ደንብ ይያዙትና ቀድመው እርስዎ ያክብሩት።

ለውጡን ማየት

የአእምሮ ሕመም ስም ለመስጠት አይሞክሩ። መጠይቅ በትኖ ሠራተኛን «ማጣራት»ም የእርስዎ ሥራ አይደለም። የሚያዩት ለውጥን ነው፤ ያ ሰው ከራሱ ከቀድሞው ማንነት ጋር ሲነጻጸር ምን ተለወጠ? የማያረፍደው ማርፈድ ይጀምራል። ተጫዋቹ ዝም ይላል። ዝምተኛው ይቆጣል። ከቡና ጊዜ ይቀራል፣ ምሳ ለብቻው ይበላል፣ ልብሱንና ጸጉሩን ይተዋል። ቀላሉን ሥራ ሦስት ጊዜ ይጀምረዋል። ሰኞ ሰኞ ይቀራል፣ አንዳንዱም አረቄና ጫት ያበዛል።

በእኛ አገር ሰው «ተጨንቄአለሁ» ከማለቱ በፊት አካሉን ያማርራል። ራሴን ፈለጠኝ፣ ጨጓራዬ ተነሣ፣ ልቤን ወጋኝ፣ ሰውነቴን አቃጠለኝ ይላል። ይህ ማስመሰል አይደለም፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው። በሌላ በኩል ድካምና እንቅልፍ ማጣት የሌላ የአካል በሽታ ምልክትም ሊሆን ስለሚችል መለየቱ የሐኪም ድርሻ ነው። ለውጡ ከ2 ሳምንት በላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል ከዘለቀ ሳይውል ሳያድር ማነጋገር ያስፈልጋል።

ንግግሩ

ጠረጴዛዎን መሐል አድርገው ቢሮ ውስጥ አይቀመጡ፤ ወደ አለቃ ቢሮ የሚጠራ ሰው ጥፋቱን እየቆጠረ ነው የሚገባው። ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ቡና ቤትም አይሆንም፤ ግማሹ ሠራተኛ እዚያ ነው። ከሥራ በኋላ ወደ ፒያሳም ወደ ማራኪም ጎን ለጎን እየተራመዱ ማውራት ለብዙ ሰው ይቀላል፤ ዓይን ለዓይን መተያየት የለበትምና። አለቃው ወንድ፣ ሠራተኛዋ ሴት ከሆነች ቦታውን እሷ ትምረጥ፤ የምታምናት ባልደረባ አብራ እንድትሆን ብትፈልግም ይሁን። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃል። ዓርብ ማታ አይጀምሩት፤ ሰውየው ሁለት ቀን ብቻውን ሲያብላላው ይከርማል።

ያዩትን በመናገር ይክፈቱ፦ «ባለፉት 3 ሳምንታት 4 ቀን አርፍደሃል፤ አንተ ደግሞ የምታረፍድ ሰው አልነበርክም። ልቆጣህ አይደለም፤ አሳስቦኝ ነው።» ቀጥሎ በእንቅልፍ ይግቡ፦ «እንቅልፍ እንዴት ነው? ሌሊት ከነቃህ መልሶ ይወስድሃል?» ስለ እንቅልፍ ለመናገር የሚያፍር ሰው ጥቂት ነው፤ ከዚያ በኋላ ምግቡ፣ ጉልበቱ፣ ሐሳቡ ይከተላል። ከዚያም፦ «ከሥራህ ውስጥ አሁን በጣም የሚከብድህ የቱ ነው?» ወጣት ኃላፊ በዕድሜ ከሚበልጠው ሠራተኛ ጋር ሲሆን ጉዳዩን ፊት ለፊት ማንሣት ድፍረት ይመስላል። «ጋሼ፣ ሰሞኑን ደከም ብሎዎት አየሁ፤ እንቅልፍዎ እንዴት ነው?» ብሎ በአካሉ በኩል መግባት ይሻላል። «እትዬ፣ ከእኔ ምን ቢቀልልዎ ይሻላል?» ደግሞ ከምርመራ ይልቅ አክብሮት ነው።

ከጠየቁ በኋላ ዝም ይበሉ። በሆድዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ፣ ካስፈለገም ሃያ። ብዙ አለቃ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዝምታው ሲከብደው ራሱ መልሱን ይሞላና ምክር ይጀምራል።

«አይዞህ» ውብ ቃል ነው። ቶሎ ሲመጣ ግን በር ይዘጋል፤ ሰውየው ገና መናገር ሲጀምር «አይዞህ፣ ያልፋል» ከተባለ ጨዋታው እንዳለቀ ይረዳዋል። ሰምተው ከጨረሱ በኋላ ይበሉት፤ ከአንድ ከሚያደርጉለት ነገር ጋር። «ጠንከር በል»፣ «ሁሉም ሰው ችግር አለበት»፣ «ወንድ ልጅ አይደለህም?»፣ «የጎንደር ሰው ሆነህ!» የሚሉት ግን ፈጽሞ አይባሉ። እነዚህ ሰውየው ሌሊት ራሱን የሚወቅስባቸው ቃላት ናቸው፤ ከአለቃ አፍ ሲደገሙ ፍርድ ይሆኑበታል።

ሳትለያዩ ሁለት ነገር ይቁረጡ፤ ከነገ ጀምሮ በሥራው ላይ የሚለወጥ አንድ ነገርና ከ14 ቀን ያልበለጠ የመገናኛ ቀን። ከዚያ ለራስዎ እንዲህ ይጻፉ፦ «ጥቅምት 12፦ ለ4 ሳምንት ከጠዋት ፈረቃ ወደ ቀን ተዛውሯል። ወርኃዊውን ሪፖርት ሌላ ሰው ይሠራል። ጥቅምት 26 እንገናኛለን።» ስለ ሕመሙ አንድም ቃል አይጻፍ። ጥቅምት 26 ቀን የመጣ ቢመጣ ይገናኙ፤ ያልተከበረ ቀጠሮ ካልተጀመረ ንግግር የከፋ ነው።

ምስጢርና ጥየቃ

ጎንደር ሰው በሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። አዘዞ የተነገረ ነገር አመሻሹ ላይ አራዳ ይደርሳል። «ለማን ልንገር? ምን ብዬ ልንገር?» ብለው ራሱን ሠራተኛውን ይጠይቁ። ለባልደረቦች የሚባለው አንድ ዓረፍተ ነገር አብራችሁ ምረጡ፤ «ሕክምና እየተከታተለ ስለሆነ ለጊዜው ይህን ሥራ እገሌ ይሸፍናል» በቂ ነው። የሐኪም ማስረጃው በታሸገ ፖስታ በአንድ የሰው ኃይል ሠራተኛ እጅ ይቀመጥ። የሕመም ፈቃዱ ሰንጠረዥ ላይ «ሕመም» ተብሎ ይጻፍ፤ የሕመሙ ዓይነትም ያከመው ክፍል ስምም አይጻፍ።

ጥየቃም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባልደረባ እግሩ ሲሰበር መሥሪያ ቤቱ በሙሉ አዋጥቶ ይሄዳል። ሕመሙ የአእምሮ ሲሆን ግን ወይ ማንም አይሄድም፣ ወይ ሃያ ሰው በአንድ ቀን ይገባና ታማሚውን በዓይኑ ይመረምረዋል። ማን ቢመጣለት ደስ እንደሚለው ይጠይቁት፤ 2 ወይም 3 ሰው፣ ከ20 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ። መዋጮውም እንደማንኛውም ሕመም ይዋጣ። የማይዋጣ ከሆነ ታማሚው ይህን ይቆጥረዋል።

ለቅሶና ክፉ ሌሊት

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ከባድ ነገር ሲደርስ ደግሞ ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ ላልበለጠ ጊዜ፣ መውሰድ ይቻላል። ለቅሶው ግን በሦስት ቀን አያልቅም። ድንኳኑ እስካለ ቤቱ ሰው በሰው ነው፤ ብቸኝነቱ የሚጀምረው ከሣልስት በኋላ፣ ልክ ሠራተኛው ቢሮ በሚገባበት ሰሞን ነው። ስለዚህ በማስታወሻዎ ላይ አርባውን፣ ሰማንያውንና ሙት ዓመቱን ምልክት ያድርጉ። ከአርባው በፊት ያሉትን ሁለት ቀናት ከዓመት ፈቃዱ እንዲወስድ እርስዎ ቀድመው ያንሡለት። እንደተመለሰ በመጀመሪያው ሳምንት አዲስ ሥራ አይስጡ፣ ከሚቆጣ ደንበኛ ፊትም አያስቀምጡት።

ሌሊቱን ተኩስ ሲሰማ ያደረች ከተማ ጠዋት ሥራ ትገባለች። ያን ዕለት ከሁሉ በፊት ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ ይወቁ፤ ይህ ለቅጣት አይደለም። ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል ማን የማንን ቤት እንደሚያውቅ በየሠፈሩ የሚያሳይ ዝርዝር በወረቀት አስቀድመው ያዘጋጁ። በባሕር ዳር፣ በመተማ ወይም በደባርቅ መስመር መንገድ ተዘግቶበት የቀረ ሰው ቀኑ እንደ መቅረት እንዳይቆጠርበት ደንቡን ሰላም በሆነበት ወቅት ይጻፉ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ለቡና ይሁን። ያየውን እንዲተርክ ግን ማንንም አያስገድዱ፤ ሁሉን ሰብስቦ «እያንዳንዳችሁ የደረሰባችሁን ተናገሩ» ማለት የሚያቆስለው ሰው አለ። መናገር የፈለገን ያዳምጡ፣ ያልፈለገን ይተዉት፣ ቤተሰቡን ለማግኘት የሚፈልግ ስልክና መጓጓዣ እንዲያገኝ ያድርጉ። እንቅልፍ ያላገኘ ሹፌርና ማሽን የሚያንቀሳቅስ ሠራተኛ በዚያ ቀን መሪና ማሽን አይያዝ።

ሕይወቱን የሚያሰጋ ነገር ሲኖር

«ሰለቸኝ»፣ «ምነው በሞትኩ»፣ «ከእኔ ብታርፉ ይሻላችኋል» የሚሉ ቃላት በጨዋታ መሐል ቢመጡም አይለፏቸው። ንብረቱን የሚያድል፣ እንደ ስንብት ያለ ነገር የሚናገር ወይም ከረጅም ጭንቀት በኋላ ድንገት ረጋ ያለ ሰው ቢያዩ ሳይፈሩ ይጠይቁ፦ «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙ ጊዜ ያቀልለታል። «ኃጢአት ነው» ብለው አይጀምሩ። እሱ ያውቀዋል፤ ኀፍረቱ ግን መልሶ አፉን ይዘጋዋል።

«አዎ» ካለ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ብቻውን አይተዉት። «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል አይግቡ፤ «አንተን ለማዳን የግድ ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ እናገራለሁ» ይበሉት። ከቤተሰቡ የሚያምነውን አንድ ሰው ይጥሩ። ራሱን ሊጎዳበት የሚችል ነገር ከአጠገቡ እንዲርቅ ያድርጉ። በዚያው ቀን፣ ማታም ቢሆን፣ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች አሉት። የመሥሪያ ቤቱ ስም የተጻፈበት መኪና ዓይን ይስባል፤ ባጃጅ ወይም የኮንትራት ታክሲ ይሻላል። በር ላይ አድርሰው አይመለሱ፤ ሐኪም ፊት እስኪቀርብ አብረው ይቀመጡ።

ሕክምና፣ ጠበልና ፈቃድ

አስቸኳይ ላልሆነው የመጀመሪያው በር ጤና ጣቢያ ሊሆን ይችላል፤ ካስፈለገ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይላካል። በሥራ ሰዓት እንዲሄድ ይፍቀዱለት። ቀጠሮው በየወሩ ከሆነ ወራቱን አስቀድመው በሰንጠረዡ ይያዙለት፤ በየጊዜው ፈቃድ ለመጠየቅ መቆም ራሱ ሕክምናውን ያስተዋል።

ለድባቴ የሚሰጡ መድኃኒቶች በአብዛኛው ለውጥ የሚያሳዩት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን ቀድሞ ይመጣል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ የአፍ መድረቅ፣ ማቅለሽለሽ። ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው በዚህ ወቅት ነው፣ አለቃውም «ታክሞም አልተሻለውም» የሚለው ያኔ ነው። በነዚህ ሳምንታት የመግቢያ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ማዘግየት ብቻ ብዙ ይረዳል። ከተሻለው በኋላም ሕክምናው ለወራት ሊቀጥል ስለሚችል «አሁንማ ድነህ የለ» ብለው ቀጠሮውን አያስቀሩት።

ብዙ ሠራተኛ ከሐኪም በፊት ጠበል ይሄዳል፣ ወይም ዱዓ ያስደርጋል። ይህን አይከራከሩት፣ አያፊዙበትም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ትችላለህ? ሐኪምህንስ ጠይቀሃል?» በጾም ወቅትም እንዲሁ፤ ጠዋት የሚወሰድ መድኃኒት በጾም ምክንያት የሚተውበት ጊዜ አለ። ሰዓቱ ይዛወር እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ የንስሐ አባቱም ለታማሚ የሚሰጡት ፈቃድ ይኖራል።

የሕመም ፈቃዱን ሒሳብ ሠራተኛው ሳይጠይቅ እርስዎ ያስረዱት። በአዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ። የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ሕጉም ሕመሙ የአካል ይሁን የአእምሮ ብሎ አይለይም። የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በራሱ አዋጅ ስለሆነ ቁጥሩ ይለያል፤ የሰው ኃይል ክፍላችሁን ይጠይቁ። የዓመት ፈቃድን የሕመም ማካካሻ ማድረግ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሰውየው የሚያርፍበት ቀን አልቆ ለቀጣዩ ዓመት ደክሞ ይገባል።

ሲመለስ

ለሦስት ወር የቀረ ሰው ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ድንገት በሩን ከፍቶ አይግባ። ከመመለሱ 3 ወይም 4 ቀን በፊት ይደውሉለት፤ ጠረጴዛው የት እንደሆነ፣ ማን እንደሚቀበለው፣ ባልደረቦቹ ምን እንደሚያውቁ ይንገሩት። ጠረጴዛው የዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ከቆየ ቀድመው ያስጠርጉት።

ሐኪሙ ካልከለከለ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 4 ሰዓት፣ በሁለተኛው 5 ወይም 6፣ በሦስተኛው ሙሉ ቀን ይሁን፤ ደመወዙም እንዴት እንደሚታሰብ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይስማሙ። መጀመሪያ የሚመለስለት ጀምሮ በዚያው ቀን የሚጨርሰው ሥራ ይሁን። የተጠራቀመውን የሦስት ወር ፋይል በጠረጴዛው ላይ ቆልሎ መጠበቅ የተመለሰበትን ቀን ያስጠላዋል።

ቦታውን ሸፍኖ የቆየውን ሠራተኛ አይርሱት። የሁለት ሰው ሥራ ሲሠራ ከርሟል፤ እሱም ደክሟል፤ ቅሬታ ቢኖረው በተመለሰው ላይ ያወርደዋል። ለብቻው ጠርተው ያመስግኑት፣ የተጠራቀመ ዕረፍቱን ቀን ቆርጠው ይስጡት፣ ርክክቡም ሁለቱ በተገኙበት በጽሑፍ ይደረግ፤ የትኛው ሥራ ዛሬ እንደተመለሰ፣ የትኛው ለሚቀጥለው ወር እንደሚቆይ። በአራተኛው ሳምንት ከተመለሰው ሠራተኛ ጋር እንደገና ይቀመጡና ያንኑ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይጠይቁ፦ እንቅልፍ እንዴት ነው?